«ተወው፣ ይብራ» ያልኩበት ዓመት

በዓረብ አገር ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ቪዛው የማይታደስበት ቀን ይመጣል፤ ጡረታ ማለት እሱ ነው። የእኔም ቀን መጣና፣ ሃያ ሁለት ዓመት በአጅማን፣ በሻርጃና በዱባይ የሰው ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ከኖርኩ በኋላ መፍቻዎቼን በአንድ ሻንጣ ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ሰዎች ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ያዳንኳቸውን ዕቃዎች እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። ብዙ ናቸው፤ ግን ቶሎ ትዝ አይሉኝም። ቶሎ ትዝ የሚለኝ በኮሮና ጊዜ ዱባይ፣ አል ዋርቃ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሽማግሌ ቪላ ያቃጠልኩት ነው። ያቃጠልኩት ስል በእጄ ክብሪት ጭሬ አይደለም። በአፌ ነው።

ሙያውን የተማርኩት እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ክፍል ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት አጅማን ውስጥ፣ የመኪና ቴፕ በሚገጥም ሱቅ ነበር። አለቃችን የሚያውቀው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ያላ!»፣ ቶሎ በል ማለት ነው። መኪና ሲገባ «ያላ»፣ ሲወጣ «ያላ»። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽቦ ከሽቦ ሳገናኝ የአንድም ዕቃ ሆድ በወጉ ከፍቼ አላየሁም። ፍጥነት ተማርኩ እንጂ ጥገና አልተማርኩም። ከዚያ አንድ ደንበኛ፣ «የሙዚቃ ዕቃ ብቻ የሚጠግን ወርክሾፕ አለ፣ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎ ወደ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ላከኝ።

ወርክሾፑ በጎማ ቤትና በአናጢ መካከል የተወሸቀ ነበር። ባለቤቱ አቡ ናዲም ይባላል፤ ዕቃ መሰብሰብ የሚወድ፣ ዕቃ መክፈት ግን የሚፈራ ሰው ነው። የሥራው ራስ ሁላችንም ኡስታድ፣ መምህር፣ የምንለው ሐሚድ ነበር፤ የካራቺ ሰው፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና የሚያቀላ፣ እኔ ስመጣ ሠላሳ ዓመት በሙያው የቆየ። እሱ ዘንድ ነው ሙያው ምን እንደሆነ የገባኝ።

ኡስታድ ዕቃ ሲመጣለት መፍቻ አያነሳም። መጀመሪያ የእጁን ጀርባ ከክዳኑ ላይ ያሳርፋል። መዳፉን አይደለም፤ መዳፍ የሥራ እጅ ስለሆነ ደንዝዟል ይላል። ቀጥሎ አፍንጫውን ወደ አየር መውጫው ያስጠጋና ያሸታል። ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ ሲነካ ግራ እጁ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቢይዘው በልቡ በኩል አቋርጦ እንዳያልፍ። ጠግኖ ሲጨርስ ደግሞ ክዳኑን ገጥሞ፣ ሁሉንም ብሎን አጥብቆ፣ ቀኑን ሙሉ አብርቶ ያቆየዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ፣ «ኡስታድ፣ ክዳኑን ክፍት አድርገን ብናየው አይሻልም?» አልኩት።

«ሰው ቤቱ ወስዶ ክዳኑን ከፍቶ ነው የሚያዳምጠው?» አለኝ። «በሚኖርበት ሁኔታ ፈትነው።»

ደንበኞች ከሁሉም ጥያቄ አብዝተው የሚጠይቁት አንድ ነው። «ሁልጊዜ ይብራ ወይስ ስጨርስ ላጥፋው?» በዚህ ነገር የሙያው ሰዎች ራሳቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ወገን ዕቃን የሚገድለው ማብራትና ማጥፋት ነው ይላል፤ ሲበራ ኤሌክትሪኩ በአንዴ ይጎርፍበታል፣ ቀዝቃዛው ብረት ድንገት ይሞቃል፣ ያረጀው ክፍል ያን ጊዜ ይሰነጠቃል። ሌላው ወገን የሚገድለው ሙቀት ነው ይላል፤ የበራ ዕቃ ቀስ እያለ ራሱን ይጠብሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ኡስታድ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶ አያውቅም፤ እሱ ራሱ ጠያቂ ይሆናል። የት ነው የተቀመጠው? መደርደሪያው በር አለው? ከላዩ ምን አስቀምጣችሁበታል? ቤት ስትለቁ ኤሲውን ታጠፋላችሁ? ማን ነው አብሮት የሚውለው? ደንበኛው አንዳንዴ ይሰለቻል፤ «እኔ የጠየቅኩህ ስለ ዕቃው ነው» ይላል። ኡስታድ ተረጋግቶ፣ «የምትመልስልኝ ቤትህ ናት» ይለዋል።

እኔ ይህን ሁሉ ለዓመታት ከአጠገቡ ቆሜ ሰምቻለሁ። መስማትና መያዝ ግን ይለያያሉ።

ኡስታድ ዓይኑ ሲደክም ሥራ ተወና አጅማን፣ ከወንድሙ ልጅ ጋር መኖር ጀመረ። ዋናው ጠረጴዛ ለእኔ ተረፈ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና ገባ።

ያ ጊዜ ለእኛ ሙያ እንግዳ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘጋበት፤ ለዓመታት አቧራ የለበሰ ዕቃውን አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ያዳምጥ ጀመር። ወርክሾፑ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ ሰው ቤት ገብቶ መጠገን ቀረ። ስልኬ ግን አያርፍም። ሻርጃ አል መጃዝ ሰፈር ከሌሎች ጋር ከምኖርባት ቤት፣ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስመልስ እውላለሁ። «ሁልጊዜ ይብራ ወይስ ላጥፋው?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። እኔም ሁሉንም በአንድ ቃል እመልሳለሁ፤ «ተወው፣ ይብራ።»

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁን እውነቱን ልናገር። ብዙው ዕቃ የሚበላሸው ሲበራ ነው፤ ያልጠፋ ዕቃ ደግሞ እንደገና አይበራም፤ ስለዚህ ቢያንስ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ እኔን አያስጠራኝም። ለዕቃው ያሰብኩ ይመስለኝ ነበር እንጂ ያሰብኩት ለራሴ ነው።

የአል ዋርቃው ሽማግሌ ድሮ ወደብ ላይ የሠሩ፣ ረጋ ያሉ የአገሩ ሰው ናቸው። የቤቱ ሰው «ባባ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ከወንድማቸው ጋር በወጣትነታቸው የገዟቸው የዑድ ሙዚቃ ሸክላዎች ነበሯቸው፤ ወንድማቸው ሞቷል። ሸክላዎቹን የሚያጫውቱበት አምፕሊፋየር የጥንት ነው፤ በውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቫልቮች ያሉት፣ ሲሠራ እንደ ምድጃ የሚሞቅ። ድምፁ ተቆራርጦባቸው ወርክሾፕ ላኩት።

ከፈትኩት፣ የላላውን በየድኩ፣ የደከመውን ቫልቭ ቀየርኩ። አንድ ትልቅ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ቆርቆሮ፣ አናቱ ትንሽ አበጥ ብሏል። መለዋወጫው በጭነት መዘግየት ምክንያት አልመጣም። ለካሁት፤ ይሠራል። «ዓመት ይቆያል» አልኩ ለራሴ። ክዳኑን ገጥሜ ቀኑን ሙሉ ማቆየት ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ግን ከሰዓት በኋላ ዝጉ ተብለን ስለነበር ለሁለት ሰዓት ያህል ክፍቱን አዳምጬ አሸግኩት።

ሳደርስ ከበር አላለፍኩም። ባባ ጭንብላቸውን አድርገው ወጡ፤ ከኋላቸው የቤት ሠራተኛዋ ነበረች። መልኳን አይቼ በአማርኛ ሰላም አልኳት። እታገኝ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት። ባባ፣ «ሳበራው ይጮኻል፣ እስኪሞቅም ይቆያል። እንደበራ ልተወው?» አሉኝ።

«ይተዉት፣ ይብራ» አልኩ። ወደ እታገኝ ዞሬም በአማርኛ፣ «እህቴ፣ አቧራ እንዳይገባበት ጠብቂው። ማጥፊያውን ግን እንዳትነኪ» አልኳት።

«እሺ ጋሼ» አለች።

የት እንደሚቀመጥ አልጠየቅኩም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባባና ማዳም የምንላት ሚስታቸው ለአንድ ሰሞን ብለው አቡ ዳቢ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እዚያ እያሉ የአቡ ዳቢ መግቢያና መውጫ ተዘጋ። እታገኝ ቪላው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ማዳም በስልክ ሰው የሌለባቸውን ክፍሎች ኤሲ እንድታጠፋ ነገረቻት፤ አጠፋች። አምፕሊፋየሩ የነበረው እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ የመስታወት በር ባለው የእንጨት ቁምሳጥን ነው። አቧራ እንዳይገባ ብላ በሩን ዘጋችው። እኔ ያልኳትን ነው ያደረገችው፤ አንድም አልጨመረችም። ወቅቱ የሰኔ ሙቀት ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጥ ቤት ሆና ሽታ መጣባት። ስትሮጥ ቁምሳጥኑ ይጨሳል፣ መጋረጃው ተያይዟል። ሶኬቱን ስትነቅል መዳፏና አንጓዋ ተቃጠለ። ቢሆንም ብርድ ልብስ ነክራ አመጣችና አፈነችው። ቤቱን አዳነችው ማለት ይቻላል። ሸክላዎቹ ግን ቀልጠው ተጣበቁ።

ባባና ማዳም የመውጫ ፈቃድ ለምነው በማግስቱ መጡ። ማዳም የካውያ ጠረጴዛው እዚያው ክፍል ግድግዳውን ተደግፎ አየች፤ ነገሩ ያኔ ለእሷ አለቀ። ካውያ ሰክታ ረስታ ቤቴን አቃጠለች አለች። እታገኝ፣ «ቴክኒሻኑ ነው አታጥፊ ያለኝ» ብትል ማን ይስማት! ማዳም «ጥፋትሽን ተቀበይ፣ ካልሆነ ኤጀንሲው መጥቶ ይወስድሻል» አለቻት። በዚያን ጊዜ ኤጀንሲ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቃል፤ አውሮፕላን የለም፣ አዲስ አሠሪ የለም፣ ከብዙ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መታሰር ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ቁጥሬን ያገኘችው አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ከለጠፍኩት ወረቀት ነው፤ ግማሹ ተቃጥሎ ቁጥሩ ተርፏል።

«ጋሼ፣ አታጥፊ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መጥተህ ንገርልኝ።»

እሄዳለሁ አልኳት። ግን ወዲያው አልሄድኩም። ለአቡ ናዲም ነገርኩት፤ ጭንቅላቱን ያዘ። «ምክር ነው የሰጠኸው፤ ወረቀት ላይ የለም። ዝም በል። በዚህ ጊዜ ሙሽኪላ፣ ጣጣ ከመጣብን ይሄ በር ሁለተኛ አይከፈትም። ስድስት ሰው ነው ከዚህ የሚበላው» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ያለው ነገርም ውሸት አልነበረም፤ ከስድስቱ አንዱ እኔ ነኝ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ራሴን ማሳመን ጀመርኩ። ምናልባት ካውያው ይሆናል፤ ምናልባት የቤቱ ሽቦ ይሆናል፤ ባላየሁት ነገር እንዴት እመሰክራለሁ? ሁለት ቀን እንዲህ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ለኡስታድ ደወልኩ። በዕድሜው ምክንያት ከክፍሉ አይወጣም ነበር፤ ድምፁ ግን ያው ነው። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣

«አይተኸዋል?» አለኝ።

«አላየሁትም።»

«ሳታይ እኔ ነኝ ትላለህ፣ ሳታይ እኔ አይደለሁም ትላለህ። ሂድና ክፈተው። ያየኸውን ተናገር። አትጨምር፣ አትቀንስ።» ቀጥሎም፣ «ክዳኑን ገጥመህ ፈትነኸው ነበር?» አለኝ።

«ለሁለት ሰዓት፣ ክፍቱን» አልኩት። «በል ሂድ፣ ልጅቷ እየጠበቀችህ ነው» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ሄድኩ። ባባ ግቢው ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አምፕሊፋየሩ ፊታቸው በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ነው። ማዳም በሩ ላይ ቆማለች። እታገኝ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ አላየችኝም፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። መጀመሪያ ቁምሳጥኑን አሳዩኝ አልኩ። የመስታወቱን በር አየሁ። ከዚያ ተመልሼ ዕቃውን ከፈትኩት።

ያ አናቱ ያበጠው ካፓሲተር ፈንድቶ፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደርቆ ተጋግሮ ነበር። በተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ያለ ኤሲ፣ ቀንና ሌሊት ሲጠበስ መከላከል አቅቶት ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀምሯል። የሚያሳልፈው ፊውዙን ለማቃጠል አይበቃም፤ ትራንስፎርመሩን ቀስ በቀስ ለማብሰል ግን ይበቃል። ከትራንስፎርመሩ ሥር ያለው የቁምሳጥን እንጨት እንደ ከሰል ጠቁሯል። ለመናገር ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለገኝም።

«ባባ፣ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ። ካፓሲተሩን በእጄ ይዤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማበጡን አይቼ እንደተውኩት፣ በወጉ እንዳልፈተንኩት፣ የት እንደሚቀመጥ ሳልጠይቅ ይብራ እንዳልኩ።

«ይቺ ልጅ ምን አድርጋለች?» አሉኝ።

«ያልኳትን።»

ማዳም ከበሩ ላይ፣ «ካውያውስ?» አለች።

«ማዳም፣ ካውያ ቢሆን እሳቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። ይሄ ከውስጥ ተነስቶ ወደ ውጭ ነው የወጣው። ክዳኑን ይዩት፤ የጠቆረው በውስጥ በኩል ነው፤ ላዩ ቀለሙ አልለቀቀም።» አገላብጬ አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየች።

ባባ ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሱና ወደ እታገኝ ዞሩ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሏት። እኔ በዚያ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር የቤት ጌታ ለቤት ሠራተኛው ቆሞ እንዲህ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እታገኝ በተጠቀለለው እጇ ዓይኗን ሸፈነች። ማዳም ወደ ውስጥ ገባች። ይቅርታ እንዳልጠየቀቻት በኋላ ሰምቻለሁ፤ ኤጀንሲው ግን ሳይጠራ ቀረ።

ወደ እኔ ሲዞሩ የባባ ፊት ሌላ ነበር። «እውነቱን መጥተህ ስለነገርከኝ አላህ ይስጥህ። ዕቃዬን ግን ሁለተኛ ላንተ አልሰጥም» አሉኝ። ተገቢ ነው። የወንድማቸውን ሸክላ የሚመልስ መፍቻ የለኝም።

አቡ ናዲም ሲሰማ ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። በኋላ ከደንበኛ ጋር እንዳልነጋገር፣ ጠረጴዛዬ ላይ ብቻ እንድሠራ አደረገኝ። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ፈራጅ ብሆን እኔም እንደሱ እፈርዳለሁ። የፈራነው ነገር አልደረሰም፤ ወርክሾፑ ተከፈተ። ባባም አልከሰሱንም።

አንድ ነገር ግን በራሴ ጊዜ ሠራሁ። በስልክ «ተወው፣ ይብራ» ያልኳቸውን ሁሉ ከስልኬ እየፈለግኩ አንድ በአንድ ደወልኩ። ጥፋቴን እየነገርኩ ጠየቅኳቸው፤ የት ነው ያለው? በር አለው? ሲነኩት እጅ ያቃጥላል? አንዷ አጅማን ያለች ሴት የአየር መውጫውን በዳንቴል ሸፍናው ነበር። አንዱ የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ፣ የአገሬ ልጅ፣ ዕቃውን ግድግዳ ውስጥ አስገጥሞ በጣውላ ዘግቶታል። ሁለቱንም እግዜር ጠብቋቸው ነው እንጂ ከባባ ቤት የሚለዩበት ነገር አልነበረም። ትንንሾቹ፣ እጅ የማያሞቁት፣ አየር በሚያገኙበት ቦታ ቢበሩ ግድ የለም አልኳቸው። ባለ ቫልቩና እንደ ምድጃ የሚሞቀው ግን ሰው አጠገቡ ሲቀመጥ ይብራ፣ ሲነሳ ይጥፋ። ቤት ለቃችሁ ስትሄዱ ደግሞ ሁሉም ይነቀል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሚው ቢሰለችም መጠየቅ ለመድኩ።

በረራ ከተከፈተ ከወራት በኋላ፣ አንድ ዓርብ፣ እታገኝ ወርክሾፕ መጣች። ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባ ነው፤ ከመሄዴ በፊት ልሰናበትህ አለችኝ። አንጓዋ ላይ ያለው ጠባሳ ነጥቷል። የጎማ ቤቱ ሰዎች በሰጡን ሁለት ወንበር በር ላይ ተቀመጥን፤ ሻይ አስመጣሁላት።

ስለ አገር፣ ስለ እናቷ ጥቂት ካወራን በኋላ፣ «ጋሼ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«ማዳም በየቀኑ ካውያውን እያመጣች ስትጠይቀኝ፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ሰክቼው ይሆን? እያልኩ። አልሰካሁትም፤ ያን ቀን ልብስ አልተኮስኩም፤ ግን ስሰካው ይታየኝ ጀመር። ከደወልኩልህ በኋላ ስትቀር ደግሞ በቃ፣ ጋሼም የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው አልኩ። አንተ የመጣህ ዕለት ጠዋት ‹አዎ፣ እኔ ነኝ› ልላት ተነስቼ ነበር።»

የሻይ ብርጭቆዬን መሬት አስቀመጥኩ። ለምን ሁለት ቀን እንደቆየሁ አልጠየቀችኝም። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

«ፈርቼ ነው» አልኩ።

አንጓዋን በሌላው እጇ አሻሸችና፣

«እኔም» አለች።